ሥራው የሁሉ፥ ስሙ የአንዱ፤ ከሲንጀር የስፌት መኪና እስከ አርዱይኖ ቦርድ

አንድ ባለሙያ የሠራውን ዕቃ ንድፍ በገዛ ፈቃዱ ለሕዝብ ገልጦ ቢሰጥ፥ ሌላውም ሰው ያንኑ ንድፍ ተከትሎ ትክክለኛ አምሳያውን ሠርቶ ለገበያ ቢያቀርብ፥ ይህ ሁለተኛው ሰው በዕቃው ላይ የማንን ስም ሊጽፍ ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእንግሊዝና በአሜሪካ ታላላቅ ዳኞችን ያከራከረ፥ በኢጣልያ ደግሞ አብረው የሠሩ ወዳጆችን ለያይቶ ፍርድ ቤት ያቆመ ጥያቄ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሕጉ የሚለያቸውን መብቶች በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። አዲስ መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ፓተንት አውጥቶ ለተወሰነ ዘመን፥ ዛሬ በአብዛኛው አገር ለ20 ዓመት፥ ሌላው እንዳይሠራው ሊከለክል ይችላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ግን ፈጠራው የሕዝብ ይሆናል። የድርሰት መብት ደግሞ ጽሑፍን፥ ሥዕልንና የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ሥራ የሚሠራውን መሣሪያ ራሱን ግን አይጠብቅም። ሦስተኛው የንግድ ምልክት ነው። ይህ ዕቃው ከማን እጅ እንደ ወጣ ለገዢው የሚያስታውቅ ስም ወይም ምልክት ሲሆን፥ ባለቤቱ እየሠራበትና ምዝገባውን እያደሰ እስከ ቆየ ድረስ የዘመን ገደብ የለበትም። እንግዲህ የዕቃውን ንድፍ በክፍት የሚሰጥ ሰው ፓተንት አያወጣም፤ የድርሰት መብቱንም በፈቃድ ሰነድ ለሁሉ ይለቃል። በእጁ የሚቀርለት ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ስሙ ነው። ንድፉን በቸርነት የሰጠ ሰው ስለ ስሙ ሲሆን ንፉግ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ የዚህን ምክንያት ያልተረዱ ሰዎችም ግብዝ ነው እያሉ ሲነቅፉት ይታያል።

የዚህ ነገር ታሪክ ከኮምፒዩተር ዘመን እጅግ ይቀድማል። አይዛክ ሜሪት ሲንጀር በ1851 ለስፌት መኪናው ፓተንት ባወጣ ጊዜ ኢላያስ ሃው በ1846 የራሱን አውጥቶ ነበር፤ ሌሎችም ነበሩ። እርስ በርሳቸው በመካሰስ ብዙ ገንዘብ ካጠፉ በኋላ በ1856 ፓተንቶቻቸውን በአንድ ማኅበር አጠራቅመው ከሌላው ሠሪ ሁሉ በየመኪናው ክፍያ መቀበል ጀመሩ። የማኅበሩ የመጨረሻ ፓተንት በ1877 ዘመኑን ሲጨርስ በሩ ለሁሉ ተከፈተ፤ በአሜሪካም በአውሮፓም ያሉ ፋብሪካዎች የሲንጀርን መኪና ቅርፁን ሳይለውጡ ይሠሩት ጀመር። ገዢው ግን ያን ዓይነት መኪና የሚያውቀው በአንድ ስም ብቻ ነው። በአገራችንም ቢሆን የልብስ ሰፊው መኪና ከማንም ፋብሪካ ይምጣ ብዙ ሰው ሲንጀር ሲለው እንሰማለን። ታዲያ አዲሱ ሠሪ ዕቃውን ምን ብሎ ይጥራው?

ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ክርክሮች አንዱ በለንደን ተደረገ። ሎግ የተባለ ነጋዴ በርሊን ውስጥ ፍሪስተር ኤንድ ሮስማን በሚባል ፋብሪካ የተሠሩ መኪናዎችን እያስመጣ ይሸጥ ነበር። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ መኪናዎቹ በሲንጀር ዓይነት አሠራር የተሠሩ መሆናቸውን ሲገልጥ፥ ከዚያው ጋር የበርሊኑን ፋብሪካ ስም በግልጥ ይጽፍ ነበር። የሲንጀር ኩባንያ ስማችን ተነካ ብሎ ከሰሰው፤ ክርክሩ በይግባኝ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰና በ1882 ለሎግ ተፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ነጋዴ የሌላውን ስም የዕቃውን አሠራር ለመግለጽ ቢጠቅሰውና ሠሪው ማን እንደ ሆነ ሳይሸሽግ ቢናገር ማንንም አላታለለም። ዛሬ በሺህ በሚቆጠሩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ ከዚህ ወይም ከዚያ ጋር ይስማማል ተብሎ የሚጻፈው ቃል የዚያ የሎግ የዋጋ ዝርዝር የልጅ ልጅ ነው ብንል አናጋንንም።

በአሜሪካ የተደረገው ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ተከሳሹ እንደ ሎግ ግልጥ ሰው አልነበረም። በኢሊኖይ ግዛት የነበረው የጁን ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያ መኪናውን በሲንጀር ቅርፅ ከመሥራቱ በላይ፥ ሲንጀር በመኪናው ክንድ ላይ የሚለጥፈውን ሞላላ የነሐስ ሰሌዳ የሚመስል ሰሌዳ በዚያው ቦታ ላይ ለጥፎ ይሸጥ ነበር። የእውነተኛው ሰሌዳ ሥዕል መወርወሪያ፥ ሁለት የተጠላለፉ መርፌዎችና ክር የተጠመጠመበት ፊደል ነበረ። ጠጋ ብሎ የማያነብ ገዢ፥ በተለይም ከፋብሪካው ሩቅ የሚኖር ሰው፥ ልዩነቱን ሊያይ አይችልም። እጁን በጠጉር ሸፍኖ ወደ አባቱ የቀረበውን ያዕቆብን ያስታውሰናል።

የታችኛው ፍርድ ቤት የሲንጀርን ክስ ሰረዘው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1896 ነገሩን መርምሮ ዳኛ ኤድዋርድ ዳግላስ ኋይት በጻፉት ፍርድ ላይ መስመሩን በጥንቃቄ አሰመረ። አስቀድመው ለተከሳሹ የሚጠቅመውን ተናገሩ፤ ፓተንቱ ሲያልቅ መኪናውን የመሥራት መብት ብቻ ሳይሆን የቅርፁም መብት ወደ ሕዝብ ያልፋል፤ ስሙም የመኪናው ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ስለ ነበር ከመኪናው ጋር አብሮ ያልፋል። ሕዝቡ አንድን ነገር በስሙ ሊጠራው ካልተፈቀደለት ነገሩን ተቀብሏል አይባልምና። ቀጥለው ግን የተከሳሹን እጅ የሚያስር ቅድመ ነገር አኖሩ። ይኸውም ስሙን የሚጠቀም ሁሉ መኪናው በሲንጀር ኩባንያ ያልተሠራ መሆኑንና ማን እንደ ሠራው በማያሻማ ሁኔታ በማስታወቂያውም በመኪናውም ላይ መግለጽ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ ስሙን ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ የታችኛው ፍርድ ተሻረ፤ በመኪናው የመሥራት መብቱ የረታው የጁን ኩባንያ በሰሌዳው ተረታ።

እኛ ይህን ፍርድ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጠን የምንመለከተው ሁለት ጥያቄዎችን ስለ ለየ ነው። መቅዳት ሌላ፥ ማስመሰል ሌላ ነው። በገበያ ንግግር ሁለቱም ፎርጅድ ተብለው ሲጠሩ ይሰማል፤ ይህም ሠሪውንም ገዢውንም ይጎዳል፤ ስሙን ሳይሰርቅ የቀዳውን ሐቀኛ ሠራተኛ ከሌባው ጋር አንድ ያደርገዋልና።

ከዚህ በኋላ የመጡት ፍርዶች ይህንኑ መስመር አረዘሙት። በ1924 ፕሬስቶኔትስ የተባለ ድርጅት የኮቲን የፊት ዱቄትና ሽቶ ከገበያ ገዝቶ፥ ዱቄቱን ጨምቆ፥ ሽቶውንም ወደ ትናንሽ ብልቃጦች ገልብጦ ሲሸጥ ኮቲ ከሰሰው። ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ ነጋዴው ከኮቲ ጋር ግንኙነት እንደሌለው እየገለጠ፥ የኮቲንም ስም ከሌላው ጽሑፍ አጉልቶ ሳይጽፍ፥ ዱቄቱ የኮቲ መሆኑን መናገር ይችላል ብለው ፈረዱ፤ ሕዝቡን እስካላታለለ ድረስ እውነትን ለመናገር የሌላውን ስም መጥራት አይከለከልም ማለታቸው ነው። በ1938 ደግሞ የኬሎግ ኩባንያ ትራስ የሚመስለውን የተፈተለ ስንዴ፥ የፓተንቱ ዘመን በ1912 ካለቀ በኋላ፥ በዚያው ቅርፅና በዚያው ስም መሸጥ እንደሚችል ተፈረደለት።

አሁን ወደ ዘመናችን ነገር እንምጣ። በሰሜን ኢጣልያ በፒዬሞንት አውራጃ ኢቭሬያ የምትባል ከተማ አለች፤ ካሚሎ ኦሊቬቲ በ1908 የጽሕፈት መኪና ፋብሪካውን ያቋቋመባት ናት። በዚህች ከተማ በ2001 የተከፈተ አንድ የዲዛይን ተቋም ነበር። የተቋሙ ተማሪዎች ከኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ያልመጡ ስለ ነበሩ በቀላሉ የሚፕሮግራሙትና ዋጋው የማይከብድ ትንሽ ኮምፒዩተር ያስፈልጋቸው ነበር። ኮሎምቢያዊው ተማሪ ኤርናንዶ ባራጋን ለማስተርስ ጥናቱ በ2003 ዋየሪንግ የተባለውን ቦርድና ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። በ2005 አስተማሪው ማሲሞ ባንዚ ከዳቪድ ኳርቲዬስና ከሌሎች ጋር ሆኖ በረከሰ ቺፕ ላይ የተመሠረተ ሌላ ቦርድ ከዚሁ ሥራ አወጣ፤ ቶም አይጎ፥ ጃንሉካ ማርቲኖና ዴቪድ ሜሊስም የመሥራቾቹ ቁጥር ውስጥ ናቸው። ስሙን አርዱይኖ አሉት። ይህም በ1002 የኢጣልያ ንጉሥ ከሆነው ከኢቭሬያው አርዱይኖ ስም የወጣ ሲሆን፥ በቀጥታ የተወሰደው ግን መምህራኑ ያመሹበት ከነበረ በንጉሡ ስም ከሚጠራ ቡና ቤት ነው። ንጉሡ በ1014 ዙፋኑን አጥቶ ቀርቷል፤ ስሙ ግን ከሺህ ዓመት በኋላ ጠበቆችን እንደሚያደክም ማን በገመተ ነበር?

መሥራቾቹ የቦርዱን ንድፍ ማንም ሰው እንዲሠራው፥ እንዲለውጠውና እንዲሸጠው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቁት፤ ሁለት ግዴታዎች ብቻ ተጨመሩበት፤ የምንጩን ባለቤት ማመልከትና የተለወጠውንም ንድፍ በዚያው ፈቃድ ለሌሎች ማካፈል። ስሙንና አርማውን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በስፌት መኪናው ታሪክ ከሆነው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በሼንዘን በ2008 የተቋቋመው ሲድ ስቱዲዮ ሲዱይኖ የሚባል ቦርድ አወጣ፤ በአሜሪካ ስፓርክፈን ሬድቦርድ የሚባለውን ሠራ፤ ስሙ የማንም እንዳይሆን ሆን ተብሎ የተለቀቀ ፍሪዱይኖ የሚባልም ነበር። ስሞቹን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የብዙዎቹ መጨረሻ አንድ መሆኑን ያያል። ሠሪዎቹ ዘመዳሞች መሆናቸውን በጅራቱ እየነገሩ በራሱ በኩል ግን የየራሳቸውን ስም አኖሩበት፤ ይህም ስም ሳይሰርቁ ዝምድናን የማመልከቻ ብልሃት ነው።

የቅጂው ታማኝነት እስከ ምን እንደ ደረሰ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጥቀስ። በአርዱይኖ ቦርድ ጠርዝ ላይ ሽቦ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል፤ በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ያለው ርቀት ግን ከሌሎቹ ርቀት ጋር አይስማማም። ይህ መጀመሪያ ሲነደፍ የተሠራ ስሕተት ነው። ነገር ግን በላዩ የሚደረቡት ተጨማሪ ቦርዶች በዚያ ርቀት ተለክተው ስለ ተሠሩ ሊታረም አልተቻለም፤ ስለዚህ የቻይናውም የአሜሪካውም ቅጂ ስሕተቱን ጭምር ቀድቶታል። ገልባጭ የብራና ጸሐፊ የመጽሐፉን ግድፈት እንዳለ ወደ ሌላው ብራና እንደሚያሻግረው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ግድፈት አገልግሎት ያለው መሆኑ ነው። በሕግም ረገድ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም። የቀዳዳዎቹ አሰላለፍ ዕቃው እንዲሠራ የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ማንም የንግድ ምልክቴ ነው ሊለው አይችልም፤ የኬሎግ ፍርድ በስንዴው ቅርፅ ላይ ያጸናው ሐሳብ ይኸው ነው።

በአንጻሩ በቦርዱ ላይ የሚታተም ለሥራው የማያስፈልግ ነገር አለ። በኢጣልያ የተሠሩት የቀድሞ ቦርዶች በጀርባቸው የኢጣልያ ካርታ ታትሞባቸው ነበር። ኤሌክትሪኩ ካርታ አይፈልግም። ሌላ ፋብሪካ ይህን ካርታና የአርዱይኖን አርማ አትሞ ሲሸጥ ለገዢው የሚነግረው አንድ ሐሰት ብቻ ነው፤ እርሱም የመጣሁት ከኢቭሬያ አጠገብ ነው የሚል ነው። ማሲሞ ባንዚም በ2013 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ለየ። አዲስ ነገር ጨምረው የሚሠሩትን አመሰገነ፤ ምንም ሳይጨምሩ በራሳቸው ስም የሚቀዱትን ሕግ አልጣሱም ነገር ግን ምንም አላበረከቱም አለ፤ በአርዱይኖ ስምና አርማ የሚሸጡትን ብቻ ሐሰተኞች ብሎ ጠራቸው። ንድፉን የሰጠው ሰው ራሱ ቅጂን ከሐሰተኛ ሲለይ፥ ገዢውም ሊለይ ይገባዋል እንላለን።

ወሰኑ በዚህ ላይ ቢቆም ነገሩ የተፈታ ይመስል ነበር። ነገር ግን የንግድ ምልክት ከስምና ከአርማ አልፎ ቀለም ድረስ ሊዘረጋ ይችላል። በመጋቢት 2014 የአሜሪካ ጉምሩክ ስፓርክፈን ከቻይና ያስመጣቸውን 2,000 ያህል ሞልቲሜትሮች ያዘ፤ ዋጋቸው ወደ 30,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ጥፋታቸው ቢጫ ጠርዝና ጥቁር ፊት ስላላቸው ነው፤ ፍሉክ የተባለው የመለኪያ ሠሪ ይህን የቀለም አቀማመጥ የራሱ ምልክት አድርጎ አስመዝግቦት ኖሯል። በዕቃዎቹ ላይ የፍሉክ ስም አልነበረም። ወሬው በተሰማና ብዙ ሰው በተቈጣ ጊዜ ፍሉክ ከተያዘው ዕቃ ዋጋ የሚበልጡ የራሱን ሞልቲሜትሮች ለስፓርክፈን ሰጠ፤ ይህም በበጎ ይነገርለታል። ቢሆንም ቢጫ ቀለም ዕቃ በሥራ ቦታ በቀላሉ እንዲታይ የሚረዳ በመሆኑ፥ ለአንድ ኩባንያ ብቻ መከለሉ ልክን ያለፈ ይመስለናል። ስምን መጠበቅ ገዢው እንዳይታለል ነው፤ ባለ 15 ዶላሩን መለኪያ ብዙ እጥፍ ዋጋ ያለው የፍሉክ መለኪያ ነው ብሎ የሚታለል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካለ እኛ እናየው ዘንድ እንወዳለን።

ከዚህ የከፋው የመጣው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ቦርድን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ቺፕ ይሠራል፤ በስሙ የታተሙ ሐሰተኛ ቺፖች ገበያውን ሞልተውት ነበር። ኩባንያው ሐሰተኛውን ለይቶ መለያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚለውጥ ፕሮግራም አወጣ፤ ይህም በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ አዳሽ በኩል ወደ ብዙ ሰው ኮምፒዩተር ገባ። ቁጥሩ ዜሮ የሆነበትን ቦርድ ኮምፒዩተሩ አላውቀውም ይላል። የተቀጣው ሐሰተኛውን ያተመው ፋብሪካ አልነበረም፤ ቺፑ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ በቅን ልቡና የገዛው ተማሪና ሠራተኛ ነው። ጩኸቱ ሲበዛ ፕሮግራሙ ተነሣ። የስም ባለቤት መብቱን በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ሲገባው ራሱ ከሳሽ፥ ራሱ ዳኛ፥ ራሱም ፈጻሚ ሲሆን የሚደርሰውን ጉዳት ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም። ብዙዎቹ የአርዱይኖ ቅጂዎች ሲኤች340 የሚባለውን፥ በቻይና ሠሪው በራሱ መጠሪያ የሚወጣውን ርካሽ ቺፕ መያዛቸውም በዚህ አንጻር ሊመሰገን ይገባል፤ ይህ ቺፕ የሌላውን ስም አልለበሰም።

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ ስለሚመጣ ቀጂ ነው። የአርዱይኖን ስም ከሁሉ ይበልጥ ያናወጠው ግን ከቤት ውስጥ የተነሣው ጠብ ነበር። መሥራቾቹ በ2008 በአሜሪካ ኩባንያ አቋቁመው ስሙን በዚያ ለማስመዝገብ በ2009 አመለከቱ። ቦርዶቹን በኢቭሬያ አቅራቢያ የሚያሠራው ጃንሉካ ማርቲኖ ግን በ2008 መጨረሻ ላይ ስሙን በፋብሪካው በኩል በኢጣልያ አስመዝግቦት ኖሯል፤ የቀሩት አራቱ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው ይላሉ። በ2014 የማርቲኖ ፋብሪካ ስሙን ራሱን ወደ አርዱይኖ ለወጠ፤ በጥር 2015 የአሜሪካው ኩባንያ በማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ባንዚና ጓደኞቹ ከአሜሪካ ውጭ በራሳቸው ስም ለመሸጥ ስለ ተቸገሩ በዚያው ዓመት ጄኑይኖ የሚል አዲስ ስም ለማውጣት ተገደዱ፤ በቻይናም ሥራውን ከሲድ ስቱዲዮ ጋር ጀመሩት። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ትናንት ቀጂ የነበረው ድርጅት ዛሬ የእውነተኛው ሠሪ ሆነ፤ ትናንት የእውነተኛው ሠሪ የነበረው ፋብሪካ ደግሞ በከሳሾቹ ዘንድ ሐሰተኛ ተባለ፤ ቦርዱ ግን ያው ቦርድ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የአውሮፓ ገዢ ሲዱይኖ ሲገዛ ከማን እንደ ገዛ በትክክል ያውቅ ነበር፤ አርዱይኖ ሲገዛ ግን አያውቅም ነበር። በጥቅምት 1 ቀን 2016 ሁለቱ ወገኖች መታረቃቸውን በኒው ዮርክ አስታወቁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ከሁሉም ወገን ተረስቶ ቆይቷል፤ እርሱም ባራጋን ነው። አርዱይኖ ከዋየሪንግ የወጣ መሆኑን ባራጋን ራሱ በ2016 ባሳተመው ረጅም ጽሑፍ ዘርዝሮ ተናግሯል። ሥራው ክፍት ስለ ነበር መውሰዳቸው በፈቃዱ የተደገፈ ነው፤ የእርሱን ስም በቦርዳቸው ላይ ስላልለጠፉም የንግድ ምልክት አልጣሱም። ታዲያ የሐሳቡን አባት ማን ያስብለት? የንግድ ምልክት ሕግ ይህን አይጠብቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 በዳስታር ክርክር እንዳለው፥ ሕጉ የዕቃ ምንጭ ሲል ዕቃውን ሠርቶ ለገበያ ያቀረበውን ማለቱ ነው እንጂ በውስጡ ያለውን ሐሳብ ያመነጨውን ማለቱ አይደለም። ስለዚህ ክፍት ንድፍ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ለመጀመሪያው ሰው ክብር የሚሰጠው በፈቃድ ሰነዱ ውስጥ ያለው የማመልከት ግዴታና የሠሪዎቹ ጨዋነት ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም። እኛ በበኩላችን ከጠቡ ሁሉ ይልቅ ይህኛው ያሳዝነናል።

ስለ ኢትዮጵያም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ በምሕንድስና ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው እነዚህን ቦርዶች ይጠቀማሉና። የንግድ ምልክት መብት የአገር ወሰን አለው። በ1998 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 501 የምልክት ባለቤትነት በምዝገባ እንደሚገኝ ይደነግጋል። መንግሥታችን የስምን ዋጋ ከሌላው አቅጣጫ ፈትኖታል፤ በ2005 ይርጋ ጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመልክቶ ከስታርባክስ ጋር ከተከራከረ በኋላ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሷል። የቡናውን ችግኝ በሌላ አገር መትከል የሚከለክል አልነበረም፤ ክርክሩ ስለ ስሙ ነበር።

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት የአርዱይኖን ንድፍ ወስዶ በራሱ ቤት ቦርድ ቢሠራ ከዚህ በላይ ከተመለከትናቸው ፍርዶች የሚያገኘው ምክር በቂ ይመስለናል። ቀዳዳዎቹን ከነስሕተታቸው ይቅዳ፤ የፈቃዱን ሰነድ አክብሮ የመጀመሪያዎቹን ሠሪዎች ያመልክት፤ በቦርዱ ፊት የራሱን ስም በትልቁ ያትም፤ በካርቶኑ ላይ ከአርዱይኖ ጋር እንደሚስማማ እንደ ሎግ በግልጥ ይጻፍ እንጂ አርማውንና ካርታውን አይንካ። ሱቅ ከፍቶ ሲሸጥም አርዱይኖ ስጠኝ ለሚለው ገዢ ይህ የእኔ ሥራ ነው ብሎ ይንገረው። ገዢው ግን ቅጂውንም እውነተኛውንም በዚያው ስም መጥራቱን አይተውም፤ የስም ባለቤቶች የሚፈሩትም ይህን ነው፤ ሲንጀር ስሙን ያጣው በሕዝቡ አፍ የመኪናው መጠሪያ ስለ ሆነ ነውና። ሆኖም የሲንጀር ታሪክ በ1896 አላበቃም፤ ኩባንያው ስሙን ሳይተው ለብዙ ዓመታት ስለ ሠራበት፥ በ1953 በብራይሊ ክርክር የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ስሙ እንደ ገና የንግድ ምልክት ሆኗል ብሎ መልሶለታል። አርዱይኖን በበኩሉ በጥቅምት 2025 ኳልኮም የተባለው የአሜሪካ ቺፕ ሠሪ ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። በ2010 የወጣው የኡኖ ቦርድ ንድፍ ግን በክፍት ፈቃድ ከተለቀቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሼንዘን ፋብሪካዎችም በየራሳቸው ስም ሲሠሩት ቆይተዋል።